በደሴቱ ላይ የጥር ዝናብ

"ሞቱ፣ ጋሽ ሐብቴ" አለች ሳሌም።

ሐብቴ እጁን ከማውሱ ላይ አንሥቶ ጭኑ ላይ አኖረው። ስክሪኑ ውስጥ ሰማዩ ወደ ጎን ተጋድሟል። የአንድ ሰው እግር በሬሳው ላይ ተረማምዶ አለፈ፤ ዞር ብሎም አላየ።

"ልጄ፣ ቃሉን እንዲህ በቀላሉ ባትጠሪው።"

"እሺ፣ ወደቁ እንበለው። አሁን ይህችን ሲጫኑ እንደገና ይወለዳሉ።"

"እሱም ቢሆን አይባልም።"

"እሺ፣ ይመለሳሉ" አለች ሳሌም።

ተጫነ። ያው አሸዋ፣ ያው ውኃ፣ ያው ከወገቡ በላይ የተራቆተ ሰውዬ በእጁ አንድ ድንጋይ ጨብጦ ቆሟል። ጨዋታው ለጀማሪ የሚሰጠው ይህንኑ ነው። ሐብቴ ወደ ፊት መሄድ ሲፈልግ ከጣቱ ቀድሞ ቀኝ እግሩ ጠረጴዛው ሥር ፔዳል ይፈልጋል፤ ዕድሜውን በስፌት መኪና ላይ የጨረሰ እግር ነው። ሜትሩ እንኳ እስካሁን ከአንገቱ አልወረደም።

እዚህ ወንበር ላይ ያስቀመጠው የገነነ ወሬ ነው። ገነነ ሚኒባስ ነጂ ነው። ዛሬ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ተሳፋሪዎቹን ይዞ ከዱርቤቴ ተመልሶ ፍኖተ ሰላም ሲገባ፣ በቀጥታ ወደ ሐብቴ ሱቅ መጣና የሸሚዙን ቁልፍ እንዲተክልለት ሰጠው። ቁልፉ አልላላም ነበር።

"ወዲያ ማዶ ዝናቡ ከብዷል፣ ጋሽ ሐብቴ" አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጥር ነው። ሰማዩ ላይ የሰው እጅ የምታህል ደመና የለም። ሐብቴ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ ቀና አለ።

"ከዱርቤቴ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?"

"ወዲያ ነው የበረታው። እኔ እንኳ በእግዜር ቸርነት ነው የዞርኩት። ነገ ጠዋት ከባሕር ዳር የሚነሣ ሰው ካለዎት ይቅርበት ይበሉት።"

የሚነሣ ሰው አለው። ልጁ ፍጹም ባሕር ዳር በአንድ ብረት ቤት በር እና መስኮት ይበይዳል። ባለፈው ሳምንት ስልኩን መንገድ ላይ ነጥቀውት፣ በሰው ስልክ ደውሎ "ለያምሮት ቀን እደርሳለሁ፤ እሑድ ጎሕ ሲቀድ ተሳፍሬ ከሽማግሌዎቹ በፊት እገባለሁ" ብሎ ነበር። ያምሮት ታላቅ እኅቱ ናት። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለት ጊዜ "እንመክርበታለን" ተብለው ተመልሰዋል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እሺ የሚባሉበት ቀን ነው።

ሐብቴ ፍጹም የደወለበትን ስልክ ሞከረ፤ ዝግ ነው። ባሕር ዳር ያለች የአክስቱ ልጅ አለች፤ የእሷም ስልክ ጥሪ አይቀበልም። ለብረት ቤቱ ጌታ ደወለ፤ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። በየስልኩ ላይ ይሠራ የነበረው ኢንተርኔት ከጠፋ ሰንብቷል። ሳሌም ግን ከሱቁ ሁለት በር አለፍ ብላ ፎቶ ኮፒ የምታነሣና ኮምፒውተር የምታከራይ ሴት ናት፤ በሽቦ የሚመጣ መስመር አላት። ሐብቴ ጭንቀቱን ሲነግራት ኮምፒውተሯ ላይ ተቀምጣ አንድ ነገር ሞካከረችና፣

"ፍጹም ቅዳሜ ከሰዓት የት እንደሚገኝ እኔ አውቃለሁ" አለች። "እዚህ እያለ ከዚያ ጥግ ወንበር አይነሣም ነበር። እዚያም ሆኖ አልተወውም።"

ደሴት ነው፣ ስትል አስረዳችው። ከየከተማው የመጣ ሰው በአንድ ጊዜ ይገባበታል። እንጨት ይቆርጣል፣ ድንጋይ ይፈልጣል፣ ቤት ይሠራል። ከዚያ አንዱ የሌላውን ይዘርፋል። የቆዩት የብረት በርና ጠመንጃ አላቸው። ጀማሪው በባሕሩ ዳርቻ ድንጋይ ይዞ ይቆማል፤ ሲወጣ ጠብቀው ይጥሉታል።

"ድንጋዩን ሊወስዱበት?"

"ድንጋይ ምን ያደርግላቸዋል? ሊሥቁ ነው።"

ሐብቴ ጨርሶ አልገባውም። ቢሆንም የሚቀጥለውን ጠየቀ። "ታዲያ ጽፈሽ ላኪለት።"

"ለሁሉም የሚጻፍበት ቦታ ለጀማሪ ዝግ ነው፤ ስድብ በዛና ዘጉት። በድምፅ ብቻ ነው፣ ያም ቅርብ ለቅርብ ሲሆን። እኔ ቅድም ሞክሬ ነበር። ከፍኖተ ሰላም ነኝ፣ ከአባቱ መልእክት ይዤ ነው ብላቸው ሣቁብኝ። እንዲህ እያሉ በር አስከፍተው የሚዘርፉ አሉ። የርስዎን ድምፅ ካልሰማ አይሆንም።"

እነሆ ተቀመጠ። ልጁ ባሕር ዳር፣ እሱ ፍኖተ ሰላም፤ የሚገናኙት ግን በካርታ ላይ በሌለ ደሴት ነው።

አሁን ከአሸዋው ወጥቶ በዛፎች መካከል ይሄዳል። ሳሌም በጣቷ አቅጣጫ ታሳየዋለች። ማዳመጫው ውስጥ ነፋስ ይነፍሳል፤ ከሩቅ ተኩስ ይሰማል። ተኩሱ በተሰማ ቁጥር ትከሻው ይሰበሰባል። ሳሌም አየችውና፣ እየሾለከ ለእሷም የሚሰማውን ድምፅ ቀነሰችለት።

ከዛፉ ሥር አንድ ሰው ወጣ። ከላይ እስከ ታች በቆዳ የተሸፈነ፣ ጦር የያዘ። ሐብቴ ቆመ። ቅድም ሳሌም ያሳየችውን ቁልፍ አስታውሶ ድንጋዩን መሬት ላይ ጣለ፤ አቀርቅሮ እጅ ለመንሣትም ማውሱን ወደ ታች ሳበው። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አነሣ። በዚያው በሐብቴ ድንጋይ ግንባሩን መታው። ሰማዩ እንደገና ተጋደመ።

"ድንጋዩን ለምን ጣሉት?"

"ሰው ሳገኝ ድንጋይ ጨብጬ እንደምን ዋልክ ልበል?"

"እሱንም እኮ አላሉትም። ለመናገር ይህችን ይዘው ነው ብዬዎት ነበር።" ወደ ስክሪኑ ዞረች። ፊደል ተጽፎበታል።

"ምን ይላል?"

"ማን እንደጣለዎት ነው።"

"ማን ነው?"

"የዳሞት ልጅ ይላል።" ፊቷን ወደ እሱ መለሰች። "የፍጹም ስም ነው። እዚያ የሚጠራበት።"

ሐብቴ በወንበሩ ላይ ቀና አለ። ከእኩለ ቀን ወዲህ ፊቱ ሲፈታ የመጀመሪያው ነበር።

"አለ ማለት ነው?"

"አለ።"

"በጤና አለ። ተመስገን።" ደረቱን በእጁ ጫን አደረገ። "በዪ፣ መልሺኝ።"

በዚህኛው ጉዞ ጣቱን ከመናገሪያው ቁልፍ ላይ አላነሣም። ሲተነፍስ፣ ሲያስል፣ "በስመ አብ" ሲል ደሴቱ ይሰማው ነበር። ሳሌም በዳገቱ ጫፍ ያለውን ቤት አሳየችው። ዙሪያውን በድንጋይ የታጠረ፣ በሩ ብረት፣ ጣሪያው ላይ ሁለት ሰው የቆመበት ቤት ነው።

"በሆድዎ ይሳቡ፤ ከአጥሩ ሥር ሲደርሱ ብቻ ይናገሩ።"

እሱ ግን ሰው ቤት በሆዱ ተስቦ ደርሶ አያውቅም። ከአጥሩ በቅርብ ርቀት ላይ ቆመና እንደሚያውቀው ተጣራ።

"ቤቶች። ቤቶች። ውሻ ያዙልኝ።"

ሳሌም ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ማዳመጫው ውስጥ ሣቅ ፈነዳ። አንደኛው መናገር አቅቶት ያስላል።

"ፋዘር፣ ውሻ የለንም። የምንናከሰው እኛው ነን" አለ ሌላው፤ የአዲስ አበባ አነጋገር ነው።

"እግዜር ይስጥልኝ። እንደምን ዋላችሁ? ሁላችሁም ደኅና?"

"ደኅና… እግዚአብሔር ይመስገን" አለ የሚያስለው፤ ሳያስበው ነው የመለሰው።

"ፍጹምን ፈልጌ ነው። አባቱ ነኝ። አንድ ቃል ነግሬው እሄዳለሁ።"

"ወጥቷል። ቅድም የመጣችው ሴትም ከአባቱ ነኝ አለች፤ አሁን አባትየው መጡ። ማታ ደግሞ አያቱን ትልኩ ይሆናላ?" አለ አዲስ አበቤው። "ስሙኝ ፋዘር፣ በቀደም እናቱ ታመመች ብለው በር አስከፍተውን ቤቱ ባዶ ቀርቷል። እዚህ አጥር ሥር ሆነው እንዲጠብቁ ከፈለጉ አንድ ነገር ያድርጉ። ያቺን የምትመጣዋን ይጣሏት። ሰላይ የራሱን ሰው አይጥልም።"

በዳገቱ ላይ አንዲት ሴት ችቦ ይዛ ትወጣለች። እንደ ሐብቴ ራቁት ለመሆን ጥቂት የቀራት ናት።

"ምን በደለችኝ?"

"ኑብ ናት።"

"ኑብ ምንድን ነው?"

"ጀማሪ። እንደርስዎ።"

ሴቲቱ ደርሳ አየችውና ቆመች። "እባክዎ አይምቱኝ፣ ገና አሁን መግባቴ ነው" አለች። የወጣት ሴት ድምፅ ነው፤ የሜጫ ቅላጼ አለው።

"ከየት ነሽ፣ ልጄ?"

"ከመራዊ።"

ሐብቴ ሳሌምን አያት። መራዊ ፍጹም ነገ ጎሕ ሲቀድ የሚያልፍባት ከተማ ናት።

"እናንተ ዘንድ ዝናቡ እንዴት ነው?"

"አይጠይቁኝ አባቴ። ከትናንት ወዲህ በር አልከፈትንም። ልቤን ላሳርፍ ብዬ ነው እዚህ የገባሁ።"

ሳሌም ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ "ሥዕል ነው ጋሽ ሐብቴ። ምንም አትሆንም፤ ይምቷትና ይለፍ" አለችው። ሥዕል መሆኑን ያውቃል። ድምፁ ግን የሰው ነው፤ ልቤን ላሳርፍ ብዬ ገባሁ ያለ የሰው ድምፅ።

"ስሚኝ ልጄ። ልጄን ነው የምፈልገው። በዚያ በእናንተ መንገድ ሊመጣ ነው፤ ልመልሰው ነው። እነዚህ አንቺን ካልመታሁ አያቆሙኝም። ካልፈቀድሽ ግን አልመታሽም።"

ከጣሪያው የሚሥቅ አልነበረም።

"ከመቱኝ በኋላ ወደ ባሕሩ ነው የምመለስ?" አለች።

"ትመለሻለሽ ይላሉ።"

"እንግዲያው ይምቱኝ። ቆይ ብቻ፣ ፊቴን ላዙር።"

ዞረችለት። ሐብቴ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን ጫነ። "ይቅር በዪኝ" አለ፤ "ይቅር ለእግዚአብሔር" ስትለው ድምፅዋ መሐል ላይ ተቆረጠ። ችቦው ሣሩ ላይ ወድቆ መንደዱን ቀጠለ።

"አቦ፣ እኚህ ሰውዬ የእውነት ናቸው" አለ የሚያስለው።

ወዲያው የሳሌም ሱቅ መብራት ሄደ። ማራገቢያው እየዘገየ ቆመ፤ ኮምፒውተሩ ሥር ያለው የባትሪ ሣጥን መጮህ ጀመረ። ሳሌም ተንበርክካ የሌሎቹን ኮምፒውተሮች ገመድ ነቀለች። "ባትሪው አሮጌ ነው፣ ብዙ አይቆይም። ያሳጥሩት" አለችው።

የሚያሳጥረው ነገር የት አለና። ከጫካው ሦስት ሰዎች ጆንያ ተሸክመው ወጡ። ከፊት ያለው በቆዳ የተሸፈነው፣ ጦር የያዘው ነው።

"ዳሞት" ብሎ ተጣራ አዲስ አበቤው ከጣሪያው። "አባትህ ነኝ የሚሉ ሰው አሉ። ውሻ ያዙልኝ ብለው ነው የመጡት።"

ሰውዬው ጦሩን እንዳነጣጠረ ቆመ።

"ፍጹም" አለ ሐብቴ። "ሐብቴ ነኝ።"

ጦሩ ወረደ።

"አባዬ? እንዴት ሆነው… እማዬ ደኅና ናት?"

"ደኅና ናት። ሁሉም ደኅና ነው።"

"ቅድም ከዛፉ ሥር ድንጋዩን የጣሉት እርስዎ ነበሩ?"

"እኔ ነበርኩ። ግድ የለም።"

"አላወቅሁም አባዬ። ጀማሪ መስሎኝ ነው።"

"ጀማሪስ ነኝ።" የባትሪው ሣጥን ጮኸ። "ስማኝ ልጄ፣ ጊዜ የለኝም። ወዲህ ዝናቡ ከብዷል። ነገ አትነሣ።"

"በጥር?" አለ አዲስ አበቤው።

ፍጹም ድምፁን አወረደ። "እዚህም ይወራል። ሹፌሩ ግን ከዋናው መንገድ ወጥተን በማሳ በማሳ እናልፋለን ብሏል። ሌሎችም ተሳፋሪዎች አሉ።"

"አትነሣ ብየሃለሁ።"

"እማዬ ታማ ተኝታ በነበረ ጊዜ አልደረስኩም። ሰው ሁሉ ጠይቋት እኔ ብቻ ቀረሁ። ነገ ያምሮትን እሺ ስትሉ፣ ወንድሟ የታለ ሲሏችሁ ምን ልትሏቸው ነው? ዝናብ ይዞት ነው ትላላችሁ?"

"እንላለና።"

"አይሆንም፣ አባዬ። ፈርቶ ቀረ አያሰኙኝ። ቢረፍድብኝም እደርሳለሁ፤ እርስዎ ብቻ ይጸልዩልኝ።"

ሣጥኑ አሁን ሳያርፍ ይጮህ ነበር። ሐብቴ ልጁን ያውቀዋል። እንዲህ ድምፁን ሲያወርድ ለመመለስ አንድ ሙሉ ከሰዓት፣ እናቱና ሁለት ጎረቤት ያስፈልጋል። ዝናብ የተባለውን ነገር በስሙ ቢጠራለትም አይፈይድም፤ ፍጹም ስሙን ያውቃል፤ አውቆ ነው የሚነሣው። ሳሌም በምልክት፣ ሊጠፋ ነው አለችው።

"ሽማግሌዎቹ ነገ አይመጡም" አለ ሐብቴ።

"እንዴት? ምን ተፈጠረ?"

"ምንም። ቀኑ ተለወጠ።"

"ማን ለወጠው?"

"እኔ።"

"ለምን?"

"ወንድሟ ስለሌለ። ዝናቡ አባርቶ አንተ እስክትገባ ይቆያሉ።"

ጦር የያዘው ሰውዬ በስክሪኑ ላይ አንድ እርምጃ ቀረበ።

"አባዬ፣ ልታስቀሩኝ ብላችሁ እንዳይሆን። በማርያም ይበሉኝ።"

ሐብቴ ከንፈሩን በምላሱ አራሰ። "እኔ ስምል ሰምተህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"እኮ። ዛሬም አታስምለኝ።"

ፍጹም በረጅሙ ተነፈሰ።

"እሺ" አለ ፍጹም። "ቀኑ ከተለወጠማ ምን አስቸኮለኝ። አልነሣም። ለያምሮት ግን ንገሯት፣ እኔ—"

ስክሪኑ ጠፋ። ሣጥኑም ዝም አለ።

ሐብቴ ማዳመጫውን አውልቆ፣ ገመዱን ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ጆሮው ቀልቶ ነበር። ሳሌም ከተንበረከከችበት ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች።

"አልነሣም ብሏል። ሰምቻለሁ" አለች። ከዚያ ገመዶቹን እየሰበሰበች፣ "ግን ቀኑ ተለውጧል እንዴ? ያምሮት ጠዋት ቀሚሷን ይዛ በዚህ ስታልፍ አልነገረችኝም።"

"አልተለወጠም" አለ ሐብቴ። "ልሂድና ልለውጠው።"

"ሽማግሌ ሦስተኛ ጊዜ ይመለስ ሲባል እንቢ ማለት ነው ብለው ይይዙት ይሆናል።"

"ይይዙት ይሆናል።"

"ያምሮትስ?"

አመስግኗት ወጣ። የራሱን ሱቅ እንደ ነገሩ ገርበብ አድርጎት ስለነበር ቆለፈው። የገነነ ሸሚዝ ትዝ ብሎት ተመልሶ ገባና ከስፌት መኪናው ላይ አንሥቶ መንጠቆው ላይ ሰቀለው፤ እንደገና ቆለፈው። መንገዱ በአቧራ ደርቋል። ከመስቀለኛው ላይ ሲደርስ ወደ ቀኝ ቤቱ ነው። ወደ ግራ ደግሞ የሽማግሌዎቹ መሪ የአለቃ ወልደ ዮሐንስ ቤት ነው። አለቃ ቃላቸውን የሚመዝኑ ሰው ናቸው፤ የሰውንም ይመዝናሉ። ምን ብሎ እንደሚጀምር እያሰበ ቆመ። ዝናብ ቢላቸው ይገባቸዋል፤ ገብቷቸው ግን፣ "ዝናቡ መንገደኛውን ያዘው እንጂ ሽማግሌውን ምን ያደርገዋል?" ይሉ ይሆናል። ያምሮት ወለሉን አጥባ ጨርሳ፣ በራፉ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያደረቀች ይሆናል።

ስልኩ ጮኸ። ባለቤቱ የሻሽወርቅ ናት።

"የት ነህ አንተ ሰው? ክንፈሚካኤል ቢላዋ ይዞ መጥቷል። ዶሮዎቹን አሁን ይረድልኝ ወይስ አንተ ስትመጣ?"

ሐብቴ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቤቱ መታጠፊያ አየ።

"አታሳርጂያቸው" አለ። "ይደሩ።"

"ምን አልክ?"

"ክንፈሚካኤልን አመስግነሽ ሸኚው። ቤት ስገባ እነግርሻለሁ።"

"ፍጹም ምን ሆነ?" ድምፅዋ ተቀየረ።

"ደኅና ነው። አሁን አነጋግሬው መጣሁ። ደኅና ነው፣ የሻሽዬ።"

"ታዲያ ከየት ነው የምትገባ?"

"ከአለቃ ወልደ ዮሐንስ ዘንድ" አለና ስልኩን ዘጋው፤ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ኪሱ ከተተና ወደ ግራ ታጠፈ።